ድንጋይ የሌለው ሠላሳ አንድ ቁጥር

ፌብሯሪ 10፣ ቅዳሜ

ዝናቡ ዛሬ ገና አባራ፤ እኛም ዛሬ ጀመርን። እኔና የእድር ጓደኛዬ ፅጌ፣ ሁለት ባልዲ፣ ሁለት ለስላሳ ብሩሽ፣ ስምንት ጋሎን ውሃ። ገና በጠዋቱ ወገቤን አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እድራችን ዘንድሮ አርባ ዓመት ይሞላዋል። ሊቀ መንበራችን ጋሼ ሰይፈሥላሴ «ሎስ አንጀለስ ቀድመው የገቡት ሰዎቻችን ስማቸው ሳይጠፋ ይመዝገብ» ብለው መጽሔት ሊያሳትሙ ተነሡ። ፎቶው ሁሉ ፌስቡክ ላይም ይወጣል። ቀድመው የገቡት ደግሞ አብዛኞቹ ኢንግልዉድ ጫፍ ያለችው አሮጌ መቃብር ውስጥ ናቸው። ድሮ አገሩን ያቀኑት ፈረንጆች ለራሳቸው ያበጇት ነች፤ እድሩ ሲቋቋም የታችኛውን ሦስት ረድፍ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቷ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ የቢሮዋ መዝገብ ተቃጥሏል። አሁን ያሉት ሰዎች «ድንጋይ ካለው ወይም ዝርዝራችሁ ላይ ከሰፈረ ሰው አለበት እንላለን፤ ከሌለው ባዶ ነው። እስከ ማርች አጋማሽ አስገቡ» አሉን።

ጋሼ «እታለም፣ አንቺ የድሮዎቹን ታውቂያለሽ፣ ጽሕፈትሽም ይነበባል» አሉኝ። ከአስረኛ ክፍል ያላለፍኩት ሴትዮ በጽሕፈቴ ስመሰገን ደስ አለኝና እሺ አልኩ። ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ።

ሥራው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይላል። በረኪና ክልክል ነው፤ ድንጋዩን ይበላዋል። ውሃና ብሩሽ ብቻ። የጠፋ ፊደል ሲገጥመን ፅጌ ከመታጠቢያ ቤቷ ነቅላ ያመጣችውን መስታወት በአግድም ትይዛለች፤ ፀሐይዋ በጎን ስትመታው ጽሑፉ ከድንጋዩ ብድግ ይላል። እኔ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። ረድፍ፣ ቁጥር፣ ስም፣ የተጻፈው ቃል፣ የድንጋዩ ሁኔታ።

አቶ አምላኩ ጋ ስንደርስ ፅጌ በሳቅ ሞተች። ድንጋያቸው 1977 ሞቱ ይላል፤ የእድሩ ወረቀት 1981 አሜሪካ ገቡ ይላል።

«ሰውየው ሞተው ነው እንዴ የመጡት?»

«በኛ አቆጣጠር ነው አንቺ! ሰባት ዓመት ጨምሪበት።»

«ሃሌ ሉያ፣ ትንሣኤ መስሎኝ» አለች። ጴንጤ ናት፤ «መቃብር እኮ ልብስ የሚሰቀልበት ቁም ሳጥን ነው፣ ሰውየው ሄዷል» ትለኛለች። ብሩሹን ግን ከኔ በላይ አጥብቃ ነው የምትፈትገው።

አምስተኛውን ረድፍ ጨረስን። ስድስተኛውን ጀመርን። ሰባተኛው ይቆያል። ምን ያስቸኩላል።

ፌብሯሪ 13

ፓርኪንግ ቤት፣ ሥራ ላይ። መኪናው ተግተልትሏል፤ የትኬቱ ማሽን ደግሞ ወረቀት ይበላል። ለቅዳሜ ሰባተኛው ረድፍ ነው። ፅጌ ጉንፋን ይዟት ብትቀር። ኧረ ይቅር ይበለኝ።

ፌብሯሪ 17፣ ቅዳሜ

አልቀረችም።

ሠላሳ ቁጥር ድንጋይ አለው። ሠላሳ ሁለት ድንጋይ አለው፣ የጋሼ ሀይሉ ባለቤት ናቸው። መሀላቸው ሣር ነው። ከበላዩ ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ቅርንጫፉን ጥሎበታል።

ፅጌ «ሠላሳ አንድ ባዶ?» አለችኝ፣ እስክሪብቶዬን እየጠበቀች።

«ዝለይው፣ ኋላ እናየዋለን» አልኩ።

ኦኬ። እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው።

እዚያ ያለችው ለተማርያም ናት። ታላቅ እህቴ። በሱዳን አድርጋ ከመጀመሪያዎቹ ጋር የገባች፣ ፌርፋክስ ላይ የሀበሻ ምግብ ቤት ሁለት ብቻ በነበረ ጊዜ ጓዳ ሽንኩርት ስትከትፍ የኖረች፣ እኔን በዘጠና አምስት ያስመጣችኝ። በዘጠና ስምንት፣ ኖቬምበር፣ ከሥራ ልታመጣኝ ስትመጣ ላ ሲዬነጋ ላይ መኪናው ተንሸራተተባት። ዝናብ ነበር። አውቶቡስ ነበረ፣ ግን ዝናብ ነበር።

እናታችን ጉለሌ ናት። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው ሄዶ፣ ጎረቤት ሰብስቦ፣ በማለዳ በሯን አንኳኩቶ ነው። የዚያን ጊዜው ሊቀ መንበርና ቄሱ «አንቺ ሄደሽ እስክታረጂ ይቆይ፤ ድንጋይም አናቁም፣ ፎቶው አገር ቤት ይደርሳል» አሉኝ። ስሟ ያለበት ቆርቆሮ ብቻ ተተከለላት። እኔ ደግሞ ወጥቼ የምመለስበት ወረቀት አልነበረኝም። ወረቀቱ እስኪመጣ አራት ዓመት ሆነ። ሊቀ መንበሩ ሞቱ፣ ቄሱ ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ፣ ቆርቆሮውም አንድ ክረምት ወድቆ ጠፋ። እነ ጋሼ ሰይፈሥላሴ ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው፤ አያውቋትም።

በአራቱ ዓመት ውስጥ ደግሞ እማዬ በየሳምንቱ ትጠይቃለች። መጀመሪያ ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። ከዚያ ስልኳን ቀየረች አልኩ። ከዚያ ፈረንጅ አግብታ ቴክሳስ ሄደች አልኩ። መጨረሻ ላይ ሲያቅተኝ «ተይኝ እስቲ፣ እኔንም አታናግረኝም፣ ሰው አትፈልግም» አልኳት። እማዬ ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ተወች።

ለእማዬ ብዬ ነው። ያኔም ልቧ ደካማ ነበር።

ፌብሯሪ 18፣ እሑድ

ለእማዬ ደወልኩ። ዘጠና ሆናት፤ ድምፅዋ ግን ከኔ ይሻላል።

«እቱ፣ ጾም ሳይገባ ሥጋ ብዪ፣ ከስተሻል አሉ።»

«ማን አለሽ?»

«ፎቶሽን እንዳሻው አሳየኝ።» እንዳሻው ትንሹ ወንድማችን ነው፣ እሱ ጋ ነው የምትኖረው። «አንቺ ባትኖሪኝ እኔ ማን ነበረኝ? ያቺማ ድንጋይ ናት። ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት ድንጋይ። እናቷን ረስታ በፈረንጅ አልጋ ላይ ትተኛለች!»

«ተያት በቃ እማዬ።»

«ትቻታለሁ። አልረግማትም ብቻ። አንቺን የሰጠኝ ይመስገን።»

ብዙ ጊዜ ነው እንዲህ የምትለው። ብዙ ጊዜ ሳልመልስላት ወሬ እቀይራለሁ። ዛሬ ስለ ድንች ዋጋ ጠየቅኳት።

እዚያ መጽሔት ላይ «ለተማርያም፣ 1998» ብዬ ከጻፍኩ ፌስቡክ ላይ ባደረ በማግስቱ ጉለሌ ይደርሳል። የፅጌ አክስት ከእማዬ ሦስት በር ነው የምትርቀው። ካልጻፍኩ ደግሞ መቃብሯ ባዶ ነው ተብሎ ለሌላ ይሰጣል። ሶ፣ ምን ይሻላል?

ፌብሯሪ 24፣ ቅዳሜ

ጋሼ ሀይሉ የባለቤታቸውን ድንጋይ ሊያጥቡ መጡ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ ዛሬም ከኖርዝ ሆሊውድ ድረስ ራሳቸው ድራይቭ አድርገው ነው የመጡት። «ፍሪዌይ ላይ ከኔ የሚፈጥን ወጣት ካለ ይምጣ» ይላሉ።

«እታለም፣ ይቺ ሠላሳ አንድ ባዶ ከሆነች ለኔ ትሁን። ሰይፈሥላሴን ጠይቄ እሺ ብሎኛል። ከሚስቴ ጎን ልረፍ።» ከዚያ ቆም ብለው ሣሩን አዩ። «ግን… እዚህ ጋ ሰው ቀብረናል መሰለኝ። ዝናብ ነበር። ሴት ናት። ጃንጥላ ይዤ ቆሜ ነበር።»

ፅጌ ቀና ብላ አየችኝ።

«ኧረ አይደለም ጋሼ» አልኩ። «ከአምስተኛው ረድፍ ጋር ተምታቶብዎት ነው።»

«ተምታታብኝ?»

«ተምታታብዎት።»

«ጃንጥላውን እኮ አስታውሳለሁ።»

«ጋሼ ይሙቱ! እኔ ዝርዝሩን ይዤ የለም እንዴ?»

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «እርጅና መጣ በዪኛ» ብለው ሳቁ። ፅጌም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ጃንጥላውን የያዙት ለኔ ነበር። እሳቸው ሙሉ በሙሉ በስብሰው ነበር።

ፌብሯሪ 27

ጻፍኩት። ረድፍ 7፣ ቁጥር 31፣ ለተማርያም። ሥራ ላይ፣ በትኬት ጀርባ። ስሟን በፊደል ከጻፍኩ ስንት ዓመቴ ነው? ቀደድኩት።

ማርች 3፣ እሑድ

ደወልኩ። እንዳሻው አነሣው።

«ተኝታለች።»

«አሁን? በዚህ ሰዓት?»

«መድኃኒት ወስዳ ነው።»

ከኋላው ሰው በሰው ነው። ወንበር ሲጎተት ይሰማል፤ ሴቶች ይነጋገራሉ። «ምንድን ነው የሰው ብዛት?» ስለው «ማኅበር ነው» አለኝ። ማኅበር የሚበላበት ቤት እንዲህ ድምፁ ዝቅ ሲል አላውቅም። ሚስቱ መቼስ እንግዳ አትወድም፣ አኩርፋባቸው ይሆናል።

ማርች 10፣ እሑድ

ዛሬም አላገናኘኝም። «ጆሮዋ አልሰማ ብሏል እታለም፣ ስልክ ያደክማታል።» ባለፈው ስለ ድንች ዋጋ ስታወራኝ የነበረችዋ ሴት! ድምፁም ሻክሯል፤ ጉንፋን ነው አለ። ተቆጣሁት። «እናቴን ለማናገር ካንተ ፈቃድ ልጠይቅ ነው?» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ወትሮ መልሶ ይደውልና ይሰድበኝ ነበር። አልደወለም።

ለካ ሰዓት ዛሬ ተቀይሯል። ምናልባት እኔ ነኝ ሰዓቱን የሳትኩት።

ማርች 12

ጾም ትናንት ገባ። ጋሼ ሰይፈሥላሴ ሥራ ቦታ ድረስ ደወሉ። «የደም ግፊትሽ እንዴት ነው ልጄ? መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ?» መቼም ጠይቀውኝ አያውቁም። «ዝርዝሩን ብቻ አረጋግተሽ ጨርሽ፣ ሌላው ይደርሳል» አሉኝ። ሌላው ምንድን ነው? ሠላሳ አንድን ሰምተው ይሆን? ጋሼ ሀይሉ ነግረዋቸው ይሆን?

ፅጌ ደግሞ ቤቴ ፓልምስ ድረስ ሽሮ ሠርታ አመጣችልኝ። ጴንጤዋ፣ ለጾም! ሳህኑን አስቀምጣ ሄደች፤ አንድ ቀልድ እንኳን ሳትናገር።

ማርች 16፣ ቅዳሜ

ስብሰባ። ዝርዝሩን አስረከብኩ። አርባ አራት ስም፣ ንጹሕ አድርጌ ገልብጬ።

ትናንት ማታ ድረስ አልወሰንኩም ነበር። ስሟን ልጽፍና እማዬን በፊት አንድ ሰው ሄዶ ያርዳት ልል አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ መርዶ ነጋሪው «መቼ ነው የሞተችው?» ተብሎ ይጠየቃል። ሃያ አምስት ዓመት ይላል። «ታዲያ ቴክሳስ ያለችው ማን ናት?» እማዬ ያን ጊዜ ምን ትላለች? የሞተች ልጅዋን ሃያ አምስት ዓመት ድንጋይ ስትል! ያስባለቻት ማን ናት? ከዚያ ደግሞ ስለዚያ ቀን ትጠይቃለች። ማንን ልታመጣ ነው የሄደችው? ለምን በአውቶቡስ አልሄድሽም? እማዬ ስትጠይቅ አትተውም።

እናቴን በዘጠና ዓመቷ አልገድላትም። ለሷ ብዬ ነው። በቁሟ ትኑርልኝ።

31፣ ባዶ። ብዬ ጻፍኩ። በራሴ ጽሕፈት፣ በሚነበበው።

ጋሼ ሰይፈሥላሴ ጮክ ብለው አነበቡ። ሠላሳ አንድ ጋ ሲደርሱ «ለጋሼ ሀይሉ» አሉ። ጭብጨባ ሆነ። ጋሼ ሀይሉ ተነሥተው እጅ ነሱ፤ «እንግዲህ ቤት አገኘሁ፣ ለመግባት ግን አልቸኩልም» አሉ። ተሳቀ። በልጃቸው መኪና ነው የሄዱት።

ማርች 20

ከሥራ ስወጣ ፌርፋክስ ምግብ ቤቱ ገባሁ። ጋሼ ሰይፈሥላሴና ፅጌ ከሦስት ሴቶች ጋር ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባቸው ወደኔ ነው።

«ዝርዝሩ አልቋል እኮ። ከዚህ በላይ ማሳደር ነውር ነው» ይላሉ ጋሼ።

«ቅዳሜ ሁላችንም ኦፍ ነን» አለች ፅጌ።

ሲያዩኝ አንዷ ስለ ቲማቲም ማውራት ጀመረች። ፅጌ ዓይኗን ሰበረች።

አውቀውብኛል። ቅዳሜ ሊያወጡት ነው፣ ሰው ፊት። መቃብር ሰረቀች ሊሉኝ ነው።

ማርች 23፣ ቅዳሜ

በማለዳ አንኳኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ገና ሲሆን። በመስኮት አየሁ፤ አሥር ይሆናሉ፣ ሴቶቹ ነጠላ ዘቅዝቀዋል።

ከፍቼ «ሠላሳ አንድን ልነግራችሁ ነበር» አልኩ።

ጋሼ ሰይፈሥላሴ አልገባቸውም። «ልጄ፣ ልብሽን ጠንከር አድርጊ» አሉ።

ማርች 25

ፅጌ ናት እስክሪብቶ ያቀበለችኝ፤ «ጻፊው፣ ይወጣልሻል» ብላ። ሰው ገብቶ ይወጣል።

እማዬ የሞተችው ፌብሯሪ 29 ነው። የድንች ዋጋ በነገረችኝ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ በእንቅልፍ። እንዳሻው «ብቻዋን ናት፣ ግፊት አለባት፣ በሰው አርዱልኝ» ብሎ ለፅጌ አክስት ነግሮ፣ አክስቷ ለፅጌ፣ ፅጌ ለጋሼ።

«ለምን ያኔውኑ አልነገራችሁኝም?» አልኳት።

«ሥራውን በደስታ ጀምረሽ… ጋሼ ዝርዝሩን ትጨርስ፣ ከዚያ እናርዳት አሉ። ላንቺ ብለን ነው እታለምዬ።»

ለኔ ብለው ነው። 31 ባዶ ብዬ ስጽፍ እማዬ ከተቀበረች ሁለት ሳምንት አልፏት ነበር። ማንን ነው የደበቅኩት? ከማን ነው የደበቅኩት?

ማርች 28

እንዳሻው ደወለ። አለቀስን። ከዚያ «አንድ ነገር አደራ ብላኛለች» አለኝ። «የመጨረሻዋ ማታ ላይ ነው። የኔን ሞት ለለተማርያም በስልክ እንዳይነግሯት አለች። ድንጋይ ብትሆንም ልጄ ናት፤ ሰው ሄዶ፣ አስቀምጦ ያርዳት አለች። እኔማ ያቺን ሴት ዓይኗን ማየት አልፈልግም። ለጋሼ ሰይፈሥላሴ ነግሬያለሁ፣ እነሱ ይሄዳሉ።»

ስልኩን ማን እንደዘጋው አላውቅም።

ማርች 31፣ እሑድ

ትናንት የሆነውን ልጻፍ።

ጋሼ ሰይፈሥላሴ ጠዋት መጡ፤ ፅጌ፣ ጋሼ ሀይሉና ልጃቸው፣ ሁለት ሴቶች። በሁለት መኪና። ጋሼ ሰይፈሥላሴ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«እታለም፣ የእናት አደራ ነው። እህትሽ ዳላስ ነው ሂዩስተን? ለዚያ አገር እድር ደውዬ ሰው አስልካለሁ። ብትቀያየሙም የዛሬን ተይው። አድራሻዋን ስጪኝ።»

«ቴክሳስ አይደለችም» አልኩ። «እዚሁ ናት።»

«እዚህ? ሎስ አንጀለስ?»

«ኢንግልዉድ።»

ፅጌ አፏን ያዘች። «ሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ሆና ነው እናቷን የረሳችው?» አለች። ጋሼ በዓይናቸው ገሠጿት። «በሉ ተነሡ፣ ሳይረፍድ እንድረስ» አሉ። ውሃ በጠርሙስ ያዙ፣ ስትወድቅ ፊቷ ላይ የሚረጭ።

ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ መንገዱን እኔ መራሁ። ቀኝ። ቀጥታ። ሁለተኛው መብራት ላይ ግራ። በሩ ጋ ስንደርስ ጋሼ «እዚህ ትሠራለች?» አሉኝ። «ፓርክ ያድርጉ» አልኩ።

ወደ ታች ወረድን። ሠላሳ አንድ ላይ ቢሮው ቢጫ ምልክት ተክሎበታል፣ ሽቦ ላይ፤ ሀይሉ ይላል። ሁሉም ዙሪያውን ያያሉ፤ ሰው ይፈልጋሉ። ፅጌ «የታለች?» አለችኝ።

ሣሩ ላይ ተንበረከክሁ። «ለተማርያም» አልኩ፤ «እማዬ ሞተች።» ከዚያ ወደነሱ ዞርኩ። «ለተማርያምም ሞታለች» አልኳቸው። «በዘጠና ስምንት። እኔን ልታመጣ ስትመጣ። እኔ ነኝ ነይ፣ ዝናብ ነው፣ ውሰጂኝ ብዬ የደወልኩላት።»

ፅጌ ጮኸች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀመጡ፤ ያንን ለቅሶ ሃያ አምስት ዓመት ያሳደርኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ሰይፈሥላሴ የውሃውን ጠርሙስ እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ጋሼ ሀይሉ አላለቀሱም። ቢጫውን ምልክት ከሣሩ ነቀሉት፤ አፈሩን በጣታቸው አራገፉት።

«ልጄ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። «ያን ቀን ተምታታብዎት ካልሽኝ በኋላ፣ ራሴ ነኝ ልጄን ሐኪም ጋ ውሰደኝ ያልኩት። ያልቀበርኩትን ሰው ቀበርኩ ማለት ጀመርኩ አልኩት። ኪኒን አዘዙልኝ። የመኪናዬንም ቁልፍ ልጄ ወሰደው።»

ልጃቸው ክንዳቸውን ሊይዝ መጣ። «ተወኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አሉትና ብቻቸውን ወደ ላይ ወጡ። ከመኪናው ሲደርሱ፣ ከልማድ ይሆናል፣ በሹፌሩ በኩል ሄደው በሩን ያዙ። ከዚያ ዞረው በሌላው በኩል ገቡ።